እስስቷን ፍለጋ ወደ ባሌ

ሐሙስ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሻሸመኔ

ቃሊቲን ስናልፍ ገና አልነጋም ነበር። አብሮኝ ያለው የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ባዮሎጂ አስተምሬዋለሁ፤ ዛሬ በሥነ እንስሳት ሁለተኛ ዲግሪውን እየሠራ ነው። ፂም አብቅሎም "ቲቸር" ማለቱን አልተወም። ከኋላ ወንበር ላይ ሁለት ቦርሳ፣ ሁለት የእጅ ባትሪ፣ የተዋሰው ካሜራና እናቱ የቋጠሩለት ዳቦ ቆሎ አለ።

የምንሄደው እስስት ልናይ ነው። ይህን ለሹፌራችን ስነግረው "እስስት እኮ እኛም ሰፈር አለ" አለኝ። እውነቱን ነው፤ አለ። እኛ የምንፈልጋት ግን አንዲት የተለየች ናት። በ2021 (በዚህ ማስታወሻ ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ቶሬ ኮፔች፣ ፔትር ኔቻስና ቤንያሚን ቪፕፍለር የተባሉ ተመራማሪዎች ከባሌ ተራሮች ሰሜናዊ ተዳፋት አዲስ የእስስት ዝርያ አገኘን ብለው ጻፉ። ስሟን ትሪዮሴሮስ ቮልፍጋንግቦሜይ አሏት። የመጀመሪያው የወገኗ (ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚመደቡበት ክፍል) ስም ነው፣ "ባለ ሦስት ቀንድ" ማለት ነው። ሁለተኛው የሰው ስም ነው፤ ዕድሜያቸውን በእንሽላሊትና በእስስት ምደባ ላይ ላሳለፉት ለጀርመናዊው ፕሮፌሰር ቮልፍጋንግ ቦሜ መታሰቢያ የተሰጠ።

ስሙን መጀመሪያ ሳነብ ደስታም ቅሬታም ተሰማኝ። ደስ ያለኝ፣ የአገሬ ተራራ ገና ያልተነገረለት ፍጥረት እንዳለው ማወቄ ነው። ቅር ያለኝ ደግሞ፣ ይህን ያህል ዓመት እስስትን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሣልኩ ሳስተምር ያቺ እስስት ከጎባ አጠገብ ቁጥቋጦ ላይ ተቀምጣ መኖሯ ነው። እንግዲህ ሄጄ ልያት አልኩ።

ባቱ ስንደርስ ረፋድ ሆኗል። ቁርስ በልተን ሐይቁ ዳር ወረድን። አጥማጆቹ የዓሣ አንጀት በሚጥሉበት ቦታ አባ ኮዳዎች እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ቆመዋል። ከደንገሉ ሥር አንድ አርጃኖ፣ ያ ትልቁ እንሽላሊት፣ ብቅ አለ። ከክንዴ ይረዝማል፤ ጫፏ እንደ እባብ የተሰነጠቀች ምላሱን እያወጣ እያስገባ አየሩን ያሸታል። ተማሪዬ ካሜራውን እስኪከፍት ውኃ ውስጥ ገባ።

የፕሮፌሰር ቦሜን ታሪክ ለመንገር ከዚህ የተሻለ ቦታ አልነበረም። በ1980ዎቹ ስለ የመን የተሠራ ዘጋቢ ፊልም በቴሌቪዥን ሲያዩ በስክሪኑ ላይ አንድ አርጃኖ ያልፋል። በዚያ አገር እንዲህ ያለ አርጃኖ አለ ብሎ የጻፈ ሰው አልነበረም። ሌላው ተመልካች ሁሉ ያየውን እሳቸውም አዩ፤ ልዩነቱ፣ እሳቸው የት ምን እንደሚኖር በቃል ያውቁ ስለነበር መደንገጣቸው ነው። በ1989 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር የየመን አርጃኖ ብለው ስም አወጡለት። ዘመዶቹ ያሉት ደግሞ ከቀይ ባሕር ወዲህ፣ እኛ ባለንበት አህጉር ነው።

ውኃ ውስጥ የገባው የናይል አርጃኖ ሌላ ነገር ያስታውሳል። በ1997 ፕሮፌሰሩና ቶማስ ዚግለር የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ደን አርጃኖ ከናይሉ የተለየ ዝርያ ነው ብለው ጻፉ። በጀርባው ላይ የተደረደሩትን ነጠብጣቦች ረድፍ ቆጥረው፣ የምላሱን ቀለም አይተው ነው። በ2016 የወጣ የዘረመል ጥናት ግን ያን መለያ አልደገፈውም፤ ይልቁንም የምዕራብ አፍሪካው አርጃኖ ብቻውን ከረጅም ዘመን በፊት የተለየ ዘር ሆኖ ተገኘ።

"ታዲያ ተሳስተዋል ማለት ነው?" አለ ተማሪዬ።

የደን አርጃኖውን በተመለከተ አዎ አልኩት። ግን ነጠብጣቡን ስንት ረድፍ እንደሆነ፣ የትኛው ቤተ መዘክር ውስጥ የትኛውን ናሙና እንዳዩ ጽፈው ስላስቀመጡ ነው ከ20 ዓመት በኋላ የመጣ ሰው ሊመረምረው የቻለው። በክፍል ውስጥ ይህን ለማስረዳት ስንት ጊዜ ደክሜያለሁ። ተማሪዎቼ የዝርያን ስም እንደ ክርስትና ስም፣ አንዴ ከወጣ የማይነካ አድርገው ነው የሚያዩት።

ማታ ሻሸመኔ አደርን። ስለ አዳሩ የምጽፈው የለኝም።

ዓርብ፤ ከሻሸመኔ እስከ ዲንሾ

ከኮፈሌ ጀምሮ ብርዱ ይሰማል። ግራና ቀኙ ገብስና ስንዴ ነው፤ ፈረስ ላይ ጋቢ የደረቡ ሰዎች ያልፋሉ። ዶዶላን፣ አዳባን አልፈን ወደ ዲንሾ ስንወጣ መንገዱ ረጅም ነውና የቀረውን ትምህርት መኪና ውስጥ ጨረስነው።

እስስትን መመደብ ለምን አስቸገረ? ከላይ የሚታየው ስለሚያታልል ነው። ቀንድ፣ ቀለም፣ የራስ ቁር፣ የጀርባ እሾህ ሁሉ እንስሳው ከሚኖርበት ቦታና ከሚሻማቸው ባላንጣዎች ጋር አብሮ ይለወጣል። በዘር የማይገናኙ ሁለት እስስቶች ተመሳሳይ ኑሮ ስለሚኖሩ ብቻ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ሁለት ወንድማማቾች ደግሞ አንዱ ቆላ፣ አንዱ ደጋ ስለገባ ብቻ ባዕድ ይመስላሉ። ስለዚህ ዘርን ለማወቅ የአካባቢው ጫና ብዙ ያልነካውን የሰውነት ክፍል መፈለግ ያስፈልጋል። ሆላንዳዊው ቻርልስ ክላቨር ሳንባን መረጡ። ፕሮፌሰር ቦሜ የወንዱን የመራቢያ አካል መረጡ። የወንድ እንሽላሊት ይህ አካል ጥንድ ነው፤ ከጅራቱ ሥር እንደ ጓንት ጣት ወደ ውስጥ ተገልብጦ ይቀመጣል። ገጽታው በእሾህ፣ በጎድጓዳና በእጥፋት የተሞላ ነው፤ ከወገን ወገንም ይለያያል። ሁለቱ ሰዎች በ1986 ሥራቸውን አጣምረው የእስስትን ቤተሰብ በሙሉ እንደገና መደቡት። ዛሬ ማዳጋስካር ላይ ያሉትን እስስቶች የምንጠራባቸው የወገን ስሞች በዚያ ሥራ ነው ቦታቸውን የያዙት። የኛዎቹ ባለ ቀንዶችም በዚያ ጽሑፍ ትሪዮሴሮስ ተብለው በንዑስ ወገንነት ተለዩ፤ በ2009 ኮሊን ቲልበሪና ክሪስታል ቶሊ ራሱን የቻለ ወገን አደረጉት።

ይህን ትምህርት ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ክፍል ውስጥ ስጀምር ልጆቹ ይስቁ ነበር። ተማሪዬም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበር። አሁን በስልኩ ማስታወሻ ይጽፋል።

ፕሮፌሰሩ ከ1971 እስከ 2010 የሠሩት ቦን ከተማ በሚገኘው የኮኒግ ቤተ መዘክር ነው። ጀርመኖች ያን ቤት በሌላ ምክንያትም ያውቁታል። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1948፣ ከጦርነቱ ፍርስራሽ መሐል፣ የምዕራብ ጀርመንን ሕገ መንግሥት የሚያረቅቀው ምክር ቤት የተከፈተው በዚያ አዳራሽ ነበር። ሕገ መንግሥትና የእንስሳት ናሙና በአንድ ጣሪያ ሥር መገናኘታቸው እኔን ደስ ይለኛል።

ከቀትር በኋላ ዲንሾ፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ደረስን። ፓርኩ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ከኮሶው ዛፍ ሥር የደጋ አጋዘኖች ይግጣሉ፤ ወንዱ ቀና ብሎ አየንና ወደ ሣሩ ተመለሰ። የአካባቢው አስጎብኚ ከነገ ጀምሮ አብሮን እንዲሆን ተስማማን። ከሠላሳ አይበልጠውም፤ አማርኛውን በኦሮምኛ ቅላጼ ረጋ አድርጎ ይናገራል።

ቅዳሜ፤ ጎባ

ጠዋት እንደ አስተማሪ ነው የፈለግኩት፤ በዓይኔ፣ በቀን ብርሃን፣ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ። አራት ሰዓት ሙሉ ምንም አላገኘንም። አስጎብኚያችን ዝም ብሎ ተከተለን፤ በመጨረሻ "ጋሼ፣ ማታ ነው የምትታየው" አለኝ በትሕትና።

ትክክል ነበር። እስስት ሌሊት ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ወጥታ ትተኛለች። ጫፍ የምትመርጠው፣ እባብ ወይም ሌላ አዳኝ ሲመጣ ቅርንጫፉ ስለሚነቃነቅ ነው። ስትተኛ ደግሞ ቀለሟ ይገረጣል፤ ባትሪ ሲበራባት ከቅጠሉ መሐል እንደ ነጭ ጨርቅ ቁራጭ ጎልታ ትታያለች። ቀን ዓይን የሚያታልለው ቆዳ ሌሊት ባለቤቱን ያጋልጣል።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የገበሬ ግቢ አጥር ዳር ቆመናል። አጥሩ ቁጥቋጦ ነው፤ ከሥሩ ሳማ በቅሏል። ቦታውን ከዚህ በላይ አልገልጽም፤ የእስስት ነጋዴ በማስታወሻም ይመራልና። የዚህ ወገን እስስቶች ዓለም አቀፍ ንግዳቸው ሳይትስ በተባለው ስምምነት በቁጥጥር ሥር ነው፣ ሌባ ግን ስምምነት አያነብም።

ያያት ተማሪዬ ነው። "ቲቸር" አለ፣ በሹክሹክታ።

በደረቴ ትይዩ፣ ከጣት በቀጠነች ቅርንጫፍ ላይ ጅራቷን እንደ ጠመዝማዛ ምንጣፍ ጠቅልላ ተኝታለች። ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ቀንድ የላትም፤ ወገኑ ባለ ሦስት ቀንድ ቢባልም ሁሉም ልጆቹ ቀንድ አልወረሱም። የጀርባዋ አከርካሪ መስመር ግን እሾህ በሚመስሉ ትልልቅ ቅርፊቶች ተሰድሯል፤ ቅርፊቶቹ ጅራቷም ላይ ወርደዋል። ተመራማሪዎቹ ለይተው የጻፉት ይህንኑ ነው። እጆቿ ቅርንጫፉን እንደ መቆንጠጫ ይዘውታል፤ በፊት እግሯ ሦስቱ ጣቶች ወደ ውስጥ፣ ሁለቱ ወደ ውጭ፤ በኋላ እግሯ ተገላቢጦሹ። ይህን ስንት ጊዜ ፈተና ላይ ጠይቄያለሁ! በሕይወቴ በቅርብ ቆጥሬው ግን አላውቅም ነበር። ቆጠርኩት።

አልነካናትም። የምርምር ፈቃድ የለንም፤ ቢኖረንም የተኛ እንስሳ መቀስቀስ አልፈልግም። ተማሪዬ አምስት ፎቶ አነሣ፣ ብርሃኑን ቶሎ አጠፋን።

የግቢው ባለቤት እናት ኩራዝ ይዘው ወጡ፤ አስጎብኚያችን በኦሮምኛ ምን እንደምናይ ነገራቸው። እሳቸው ራቅ ብለው ቆሙ። ልጆች እንዳይነኳት ይነግሯቸዋል አሉ፤ መጥፎ ነገር ናትና። እኔም በልጅነቴ እስስት ካየን በድንጋይ ነበር የምንገናኘው። መርዝ እንደሌላት፣ ዝንብና ፌንጣ እንጂ ሰው እንደማትጎዳ፣ እንዲህ ያለችው እስስት ከዚህ ተራራ ሌላ እንደማትታወቅ አስጎብኚያችን እየተረጎመ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ "አጥሩን ብንቆርጠው የት ትሄዳለች?"

መልስ አልነበረኝም። የምትኖረው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብሎ ባለው ቁጥቋጦና በደን ዳር ነው፤ ያ መሬት ደግሞ ማገዶም፣ እርሻም፣ ግጦሽም ነው። እሳቸው በአንድ ጥያቄ የደረሱበት ነገር እኔን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሣኝ።

ሌላም ነገር አብሰለሰለኝ። "እስስት" ብለን ሰው እንሳደባለን፤ አቋሙን የሚለዋውጠውን። እስስት ግን ቀለሟን የምትለውጠው ለመዋሸት አይደለም። በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በማዳጋስካሩ ፓንተር እስስት ቆዳ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሲቀራረቡና ሲራራቁ ቀለሙ እንደሚለወጥ አሳይተዋል። ወንዱ ባላንጣውን ሲያይ ክሪስታሎቹ ይራራቃሉ፤ አረንጓዴው ወደ ቢጫ ይሄዳል። የተቆጣ ተቆጥቻለሁ ይላል፣ የበረደውም ፀሐይ ለመሳብ ይጠቁራል። ከዚህ የበለጠ ግልጽ እንስሳ የት አለ?

እሑድ፤ ሳነቴ

ከጎባ ወደ ደቡብ የሚወጣው መንገድ ከአፍሪካ ከፍተኛ መንገዶች አንዱ ነው። የአስታው ቁጥቋጦ ካለቀ በኋላ ጅብራ ብቻ ይቀራል፤ በጭጋግ ውስጥ እንደ ቆሙ ሰዎች ይመስላሉ። ቱሉ ዲምቱ፣ 4,377 ሜትር፣ ደመና ለብሷል። እስስት አይደለም፣ እኛም በዚህ ብርድ መቆም አቃተን።

ስለ ብርዱ ስናወራ ተማሪዬ የትሪዮሴሮስ ወገን አንዳንድ የተራራ ዝርያዎች እንቁላል እንደማይጥሉ አነሣ። የኬንያው የጃክሰን እስስት ልጆቹን በሕይወት ይወልዳል። ብርዳም መሬት ውስጥ የተቀበረ እንቁላል ላይሞቅ ይችላል፤ እናት ሆዷ ውስጥ ከያዘችው ግን ፀሐይ ባገኘች ቁጥር አብሯት ይሞቃል። ዝግመተ ለውጥን በአንድ ምሳሌ አስረዳ ብባል ይህን ነው የምመርጠው።

ቀይ ቀበሮዋ የመጣችው ያኔ ነው። ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ጆሮዋን አቁማ ቆመች፣ ቆየች፣ ተወረወረች፣ ሳተች። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ያዝን።

በሳይንስ ዓለም ይህችን ቀበሮ በ1840 ስም ያወጣላት የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ አገራችን መጥቶ ጎንደር ድረስ ዘልቋል። ዋልያንና ጭላዳንም ለሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው። በ1845 ደግሞ አንዲት ኢትዮጵያዊት እስስት ጨመረ፣ አፊኒስ ብሎ። ከዚያ በኋላ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ፣ ከስምጥ ሸለቆው በወዲህም በወዲያም ያሉ ቀንድ አልባ እስስቶቻችን አብዛኞቹ በዚያች በአንዲት ስም ተጠርተው ኖሩ። ትናንት ማታ ያየናት ከዚያ ጥላ ሥር ነው የወጣችው። ስምጥ ሸለቆው መሐል ለመሐል የከፈላቸውን ደጋዎች ሳስብ፣ ስንት ሌላ ስም የሚጠብቅ አጥር አለ እላለሁ።

ሩፔል የሰበሰበው ፍራንክፈርት ነው ያለው። የሌሎቹም ቦን፣ ለንደን፣ ሊቨርፑል። አንድን ዝርያ "ይህ ነው" ለማለት መጀመሪያ ስም ከተሰጠው ናሙና ጋር ማወዳደር ግድ ነው፤ የኛ ተማሪ ያን ናሙና ለማየት ቪዛ ያስፈልገዋል። አራት ኪሎ ባለው የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ቤተ መዘክር ተማሪዎቼን ይዤ በሄድኩ ቁጥር እዚያ ያለውን በፍቅር አሳያቸዋለሁ፤ የሌለውንም እነግራቸዋለሁ። ናሙናውን ወስደው ለጠበቁት ሰዎች ምስጋና አለኝ፤ ካልጠበቁት ዛሬ ምንም አናውቅም ነበር። ቢሆንም ያመኛል።

ማምሻውን ሪራ ደረስን። ቤቶቹ አጠገብ ቀርከሃ ቆሟል።

ሰኞ፤ ሐረና ደን

ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ፤ ጠዋትም አላባራም። ዛፉ ሁሉ ሽበት አብቅሏል፣ የንብ ቀፎ ከላይ ተሰቅሏል፣ ከታች የጫካ ቡና አለ። ይህ ደን ለእንሽላሊትና ለእንቁራሪት አጥኚዎች ገና ያልተነበበ መጽሐፍ ነው። ማልኮልም ላርገን፣ በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት እንግሊዛዊ፣ በ1995 የሐረናን እስስት በዚሁ ደን ስም ጠሩ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ቲልበሪ ባለ ሁለት ቀንዷን የባሌ እስስት ጻፉ። ላርገን ራሳቸውም በዚህ ተራራ በአንዲት ትንሽ ጉርጥ ስም ይታወሳሉ፤ በ1978 ሌላ ሰው ነው ማልኮልሚ ያላት። ሌሎች ሲጠሩ የኖሩ ሰዎች በመጨረሻ ራሳቸው መጠሪያ ይሆናሉ፤ ፕሮፌሰር ቦሜም እንዲሁ።

ዝናቡ ሲያባራ ከምሽቱ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር። ጫማችን ጭቃ ጠጥቷል፤ አልቅቱም አልማረንም። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፈልገን አስጎብኚያችን ባትሪውን ወደ ፈርን ቅጠል ጫፍ አቀና። ከትንሽ ጣቴ የማትበልጥ፣ ገና ልጅ እግር እስስት። የዝናብ ጠብታ ራሷ ላይ እንዳለ ተኝታለች።

ተማሪዬ ደብተሩን አወጣ። "የሐረናዋ ናት፣ ቀንድ የላትም" አለ። ከዚያ ራሱ ቆም አለ፤ ባለ ሁለት ቀንዷም በዚህ ዕድሜዋ ቀንድ ገና ላያበቅል ይችላል። ጀርባዋን በባትሪ አየን፣ የራስ ቁሯን አየን፣ ከጉሮሮዋ በታች ያሉትን ቅርፊቶች ለመቁጠር ሞከርን። ሊናገር ሲል እኔን አየኝ፤ መልሱን ከአስተማሪው ሲጠብቅ እንደነበረው ልጅ።

"አንተ ምን ትላለህ?" አልኩት።

ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከፍታውን፣ ቅጠሉ ከመሬት ስንት ክንድ እንደሚርቅ ጻፈ፤ በመጨረሻም በስም ቦታ ላይ፣ "ትሪዮሴሮስ፣ ዝርያዋ ያልተለየ" አለና ደብተሩን ከቅጠሉ ጠብታ ከልሎ ዘጋው።